አቡነ ማስያስ፤ የሕዝብን ቋንቋ የተማሩ መምህር

ከጂንካ ተነሥቶ ቀይ አፈርን አልፎ ወደ ቱርሚ የሚወርድ መንገደኛ በመካከሉ ዲመካን ያገኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሐመር ሰው ፍየሉንና ማሩን፣ ማሽላውንም ይዞ ከየመንደሩ ወደ ገበያው ይመጣል። በደቡብ ኦሞ የካቶሊክ ሚሲዮን ከደረሰባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው ዲመካ ነው። አሁን አንባቢው አንድ ወጣት መምህር በሐሳቡ ይሣል። መምህሩ ከአንድ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድቦ፣ የትምህርተ ክርስቶስን መጽሐፍ በእጁ ይዞ ከሐመር ልጆች ፊት ቆሟል። መጽሐፉ የተጻፈው በአማርኛ ነው። ልጆቹ በቤታቸው የሚናገሩት ሐመርኛ ግን ከኦሞአዊ ቋንቋዎች ወገን ስለሆነ፣ ከአማርኛ ጋራ የቅርብ ዝምድና የለውም።

መምህሩ ገና ከመጀመሪያው ቃል ላይ ይሰናከላል። የሐመር ሽማግሌዎች ሲመርቁ ባርጆ ይጠራሉ። በዚያ በአንዱ ቃል ውስጥ መልካም ዕድልና ጤና፣ ዝናብና የከብት መርባት ሁሉ ተጠቃለው ይገኛሉ። እንግዲህ መምህሩ እግዚአብሔር ቢል ልጁ ድምፁን ብቻ ይደግማል፤ ባርጆ ቢል ደግሞ ልጁ ከአባቱ የሰማውን እንጂ መምህሩ ያሰበውን አይረዳም። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግዴታ ነው። ምርጫውም የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአባቱን ምርቃት ለመስማት የሚያፍር ልጅ ማሳደግና በዚያ ምርቃት ላይ ሌላ ነገር የሚጨምር ልጅ ማሳደግ አንድ አይደሉምና።

ይህ ጭንቀት ለዲመካ ብቻ የመጣ አይደለም። ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት ሌላ መምህር በሌላው የደቡብና የምዕራብ አገራችን ክፍል ተጨንቆበታል። እኚህ ሰው ኢጣልያኖች ካርዲናል ጉልዬልሞ ማሳያ፣ ያገራችን ሰዎች ደግሞ አቡነ ማስያስ ይሏቸው የነበሩት ናቸው። ስማቸውን በታሪክ ትምህርት ክፍል ያልሰማ ተማሪ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የምናውቃቸው የምኒልክ ወዳጅና አማካሪ ሆነው ነው፤ የልጆች መምህር መሆናቸው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት የሕይወት ታሪካቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማስያስ የተወለዱት ሰኔ 8 ቀን 1809 በሰሜን ኢጣልያ በፒየሞንቴ አውራጃ፣ ፒዮቫ በምትባል መንደር ነው። ወላጆቻቸው ገበሬዎች ነበሩ። በ1826 ከካፑቺን መነኮሳት ማኅበር ገቡ፤ በ1832 ቅስና ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ በቱሪኖ ከተማ በሚገኘው በማውሪዚያኖ ሆስፒታል የነፍስ አባት ሆነው አገለገሉ። በዚያ ቤት በሽተኛውን ከማጽናናት አልፈው የሐኪሞቹን ሥራ በዓይናቸው እያዩ የሕክምናና የቀዶ ጥገና ዕውቀት ቀሰሙ። ይህ ዕውቀት ወደ ፊት ከመጽሐፍ ሁሉ ይልቅ በር ከፋች ሆነላቸው። ቀጥሎም በማኅበራቸው ትምህርት ቤት ፍልስፍናና ነገረ መለኮት አስተማሩ። ኋላ የኢጣልያ ንጉሥ የሆነው ቪክቶር አማኑኤልም በእሳቸው ዘንድ ይናዘዝ ነበር። በአውሮፓ ቢቀሩ ኖሮ ክብርና ምቾት የሚያጡ ሰው አልነበሩም።

አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ ተጓዥ ወደ ኦሮሞ አገር ዘልቆ ያየውን ለሮም ካስታወቀ በኋላ፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ በ1846 ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ ቪካሪያት አቋቋሙ። ለዚህም ሥራ ማስያስን መርጠው በግንቦት ወር ጵጵስና እንዲቀበሉ አደረጉ። ማስያስ በዚያው ዓመት ምጽዋ ደረሱ። ያን ጊዜ በትግራይ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ የተባሉት ኢጣልያዊ ሚሲዮናዊ ጓላ ላይ ትምህርት ቤት ከፍተው የአገሩን ልጆች ያስተምሩ ነበር። ደ ያቆቢስ የአገሩን ልብስ ለብሰው፣ ቋንቋውን ተምረው፣ በግዕዝ ሥርዓት ጸንተው የሚኖሩ ሰው ነበሩ። በጥር 1849 ማስያስ በምጽዋ በድብቅ ለደ ያቆቢስ የጵጵስና ማዕረግ ሰጧቸው።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ተፋቃሪዎች ቢሆኑም መንገዳቸው አንድ አልነበረም። ደ ያቆቢስ የግዕዙን ሥርዓት ጠበቁ፤ ማስያስ ግን በደቡብ የላቲኑን ሥርዓት ተከሉ። እሳቸው የሚሄዱበት አገር ግዕዝ የማይሰማበት ስለ ሆነ የላቲኑ ሥርዓት የሚበጅ መሰላቸው። ዛሬ በሰሜንና በመካከል ያሉት ካቶሊኮች በግዕዝ ሲቀድሱ በሶዶና በደቡቡ ወገን ያሉት በላቲን ሥርዓት መጠቀማቸው ከዚያ ዘመን የወረደ ልማድ ነው። የዲመካው መምህርም የዚህ ውርስ ተካፋይ ነው።

ወደ ኦሮሞ አገር መግባት ግን ቀላል አልሆነም። የኦርቶዶክሱ ጳጳስ አቡነ ሰላማ የካቶሊክ ሚሲዮኖችን ብርቱ ተቃዋሚ ስለ ነበሩ የሰሜኑ መንገድ ተዘጋ። ማስያስ ወደ አውሮፓ ተመልሰው፣ እንደ ገና በግብፅ በኩል ዓባይን ተከትለው፣ የነጋዴ ልብስ ለብሰውና ስማቸውን ለውጠው በሱዳን በረሃ አቋረጡ። በኅዳር ወር 1852 ጉድሩ ውስጥ አሰንዳቦ ከተባለው የገበያ ስፍራ ደረሱ። ለቪካሪያቱ ከተሾሙ ስድስት ዓመት አልፏቸው ነበር።

በጉድሩና በኋላም በሌቃ አጠገብ በሚገኘው በለጋማራ ሥራቸው በሁለት ነገር ጀመረ። አንደኛው ፈንጣጣ ነው። በሽታው መንደር ሙሉ ሕፃናት የሚፈጅበት ዘመን ስለ ነበረ ማስያስ በቱሪኖ በቀሰሙት ዕውቀት ክትባት ይሰጡ ጀመር። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይመጡ ነበር፤ ሕዝቡም አባ ፈንጣጣ የሚል ስም አወጣላቸው። ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ልጆችን ሰብስበው ከቤታቸው አኖሩ። ጸሎቱንና የክርስትናውን ትምህርት በኦሮሞ ቋንቋ አዘጋጅተው ልጆቹ በቃላቸው እንዲይዙት አደረጉ። ብራናና መጽሐፍ በሌለበት፣ ሕግም ታሪክም በቃል በሚጠበቅበት አገር ይህ ዘዴ ለልጆቹ እንግዳ አልነበረም። የገዳውን ሕግ በጆሮው ሰምቶ በልቡ የሚይዝ ሕዝብ ጸሎትን በቃሉ መያዝ አያቅተውም።

እዚህ ላይ የዲመካው መምህር ጥያቄ ይመለሳል። ኦሮሞ ፈጣሪውን ዋቃ ይለዋል። የሰማይ ባለቤት፣ ዝናብ ሰጪ፣ ሐቅ ፈራጅ ነው። ስለ አንድ ፈጣሪ ለማስተማር ወደዚያ የሄደ ሰው ከባዶ ሜዳ አልደረሰም፤ ቃሉ ከእሱ በፊት ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ማስያስ ይህን በመረዳታቸው ከብዙ ሰዎች ቀድመዋል። ነገር ግን ሁሉንም ተረድተዋል ማለት አይደለም። በጻፉት ውስጥ የሕዝቡን ልማድ ብዙውን በአጉል እምነት ስም ሲነቅፉ፣ የኦርቶዶክሱንም ቤተ ክርስቲያን ካህናት ያለ ርኅራኄ ሲወቅሱ እናያለን። የሰውን ቋንቋ ማወቅና ሰውየውን ማክበር ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ከዚህ እንማራለን።

በ1859 ማስያስ ወደ ከፋ ገቡ። ከፋ ያን ጊዜ ዙሪያዋን በጥልቅ ጉድጓድና በኬላ ያጠረች፣ እንግዳ ያለ ንጉሥ ፈቃድ የማይገባባትና የማይወጣባት መንግሥት ነበረች። በዚያ ከጥንት የክርስትና ዘመን የተረፈ ስምና በዓል እንጂ ካህንና ቁርባን ያልነበራቸው ሰዎች አገኙ። ሥራው ተስፋ የሚሰጥ መሰለ። ሆኖም ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በነሐሴ 1861 ከአገሩ ተባረሩ። ያስተማሯቸውን ልጆች ትተው መሄድ ግድ ሆነባቸው። በመመለሻቸው መንገድ በ1863 በአፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች እጅ ወደቁ፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት ከቀረቡ በኋላ ተለቀቁ።

አንባቢ ሆይ! አንድ ሰው የአሥር ዓመት ድካሙ በአንድ ትእዛዝ ሲፈርስ ምን ያደርጋል? ማስያስ ያደረጉት መጽሐፍ መጻፍ ነው። ወደ አውሮፓ ተሻግረው በ1867 በፓሪስ የአማርኛና የኦሮሞ ቋንቋ ሰዋስው አሳተሙ። መጽሐፉ በላቲን የተጻፈ ሲሆን የታሰበውም እነዚህን ቋንቋዎች ለመማር ለሚፈልጉ ሚሲዮናውያን ነበር። ከእሳቸው በፊት የክራፕፍ ሥራ በ1840፣ የካርል ቱቼክም በ1844 ስለ ኦሮሞ ቋንቋ ታትሞ ስለ ነበር የመጀመሪያው ናቸው ማለት አይቻልም። ቢሆንም እነዚያ ሰዎች ቋንቋውን ያጠኑት ከኦሮሞ አገር ውጭ ሆነው ነው፤ ማስያስ ግን በሕዝቡ መካከል ኖረው፣ ከልጆቹ ጋራ በልተውና ጠጥተው የተማሩትን ነው የጻፉት። ደግሞም በማርሴይ ለኦሮሞ ወጣቶች ኮሌጅ ከፍተው፣ ለአገራቸው መምህርና ካህን የሚሆኑ ልጆችን ለማሠልጠን ሞከሩ።

በ1868 እንደ ገና ተመልሰው ሸዋ ገቡ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጥበብን የሚወድና የአውሮፓን ወዳጅነት የሚሻ ወጣት ስለ ነበር በክብር ተቀበላቸው። ፊንፊኔ ላይ የሚሲዮን ስፍራ ተሰጣቸው፤ ይህም አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ዛሬ ከዩኒቨርስቲያችን ወጥተን በየዕለቱ የምንረግጠው አፈር ያን ጊዜ የኦሮሞ ልጆች ፊደል የሚቆጥሩበት መስክ ነበር። ማስያስ በዚያ አስተማሩ፣ በሽተኞች አከሙ፣ ምኒልክንም በብዙ ነገር መከሩ።

የመምህሩ ሕይወት ከፖለቲካ ጋራ የተጠላለፈው ከዚህ ላይ ነው። በ1876 የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር ጓድ በአንቲኖሪ መሪነት ሸዋ ሲደርስ ማስያስ ረዱት። ጓዱም ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ ከምኒልክ ተቀበለ። የዚህ ወዳጅነት ፍሬ በኋላ ምን እንደ ሆነ ዐድዋን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ማስያስ የቅኝ ግዛት ሎሌ ሆነው መጡ ማለት ከእውነት የራቀ ይሆናል፤ ሥራቸውን የጀመሩት ኢጣልያ አንድ መንግሥት ሳትሆን ነውና። ዳሩ ግን የአገራቸውን ሰዎች ጥቅም ለማገልገል ወደ ኋላ አላሉም። ከሞቱም በኋላ የፋሺስቱ መንግሥት በ1939 አቡነ ማስያስ የሚል ፊልም አሠርቶ ስማቸውን ለወረራው መኩሪያ አደረገው። ፊልሙም በቬኒስ የሙሶሊኒን ዋንጫ ተሸለመ። የሞተ ሰው ስሙን ከሚነጥቁት ራሱን መከላከል አይችልም፤ በሕይወቱ ሳለ ከማን ጋራ እንደ ቆመ ግን ይጠየቅበታል።

የሸዋው ሥራም እንደ ከፋው በትእዛዝ ፈረሰ። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካስደረጉ በኋላ የሃይማኖት አንድነት ለመንግሥት አንድነት መሠረት ነው የሚለውን አሳባቸውን አጸኑ። ምኒልክም ለንጉሠ ነገሥቱ ተገዝቶ ስለ ነበር እንግዳውን ሊያስቀር አልቻለም። በ1879 ማስያስ ከሸዋ ወጡ፤ ደብረ ታቦር ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት ከቀረቡ በኋላ በሱዳን በኩል ተሰደዱ። ዕድሜያቸው ሰባ ዓመት ነበር። በሚከተለው ዓመት በሕመም ምክንያት ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

በሮም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በኅዳር 1884 ካርዲናል አደረጓቸው፤ ያዩትንና የሠሩትንም እንዲጽፉ አዘዟቸው። ማስያስ የቀድሞ ማስታወሻዎቻቸው በስደት ስለ ጠፉባቸው ብዙውን የጻፉት ከትዝታ ነው። በኢትዮጵያ ያሳለፉትን ሠላሳ አምስት ዓመት የሚተርከው መጽሐፋቸው ከ1885 እስከ 1895 በ12 ቅጽ ታተመ። እሳቸው ግን የመጨረሻውን ቅጽ ሳያዩ ነሐሴ 6 ቀን 1889 በኔፕልስ አጠገብ በሳን ጆርጆ አ ክሬማኖ ዐረፉ። አጽማቸው ዛሬ በፍራስካቲ በካፑቺኖች ቤተ ክርስቲያን ነው። በ2016 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ የክቡርነት ማዕረግ እንዲሰጣቸው ፈቀዱ፤ ይህም ወደ ብፅዕና በሚወስደው መንገድ አንድ ደረጃ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለአንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር ምን ይተርፈዋል? ሦስት ነገር ይመስለኛል።

አንደኛው፣ ትምህርት ከቋንቋ ይጀምራል። ማስያስ ልጆቹን በማያውቁት ቋንቋ ከመገሠጽ ይልቅ በጎለመሱ ጊዜ ራሳቸው ተማሪ ሆኑ። ሆኖም ሥራው በእሳቸው አልተፈጸመም። ሰዋስዋቸው ለውጭ ሰው የተጻፈ እንጂ ለኦሮሞ ልጅ የተጻፈ አልነበረም። ለልጁ የተጻፈውን ያመጣው በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠውና በምጽዋ ነጻ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። እሱ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ተማሪ ስለ ነበር የማስያስ ተከታይ አይደለም፤ ነገር ግን ከአስቴር ጋኖ ጋራ ደክሞ በ1899 መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮሞ ቋንቋ፣ በግዕዝ ፊደል አሳተመ። እንግዳ የጀመረውን የአገር ልጅ ሲይዘው ነው ሥር የሚሰደው። ለሐመርም ቢሆን ባርጆ ማለት ምን እንደ ሆነ፣ ከእግዚአብሔር ቃል ጋራ የት እንደሚገናኝና የት እንደሚለያይ በመጨረሻ የሚነግረን ራሱ የሐመር ልጅ ነው። ያ ልጅ ዛሬ ምናልባት ከአንደኛ ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሆናል።

ሁለተኛው፣ በሹም ፈቃድ ብቻ የቆመ ትምህርት በሹም ፈቃድ ይወድቃል። ማስያስ ከከፋም ከሸዋም የተባረሩት በቤተ መንግሥት ጥላ ሥር ተጠግተው ስለ ነበር ነው። ጥላው ሲዞር ፀሐይ መታቸው። የቀረላቸው ፍሬ በልጆቹ ልብ ያደረውና በወረቀት የሰፈረው ነው። በዛሬዪቱ ኢትዮጵያ ጉዳዩ በሕግ ተወስኗል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከማናቸውም የሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል፤ በአንቀጽ 27 ደግሞ አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም ሊያቋቁሙ እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ስለዚህ የካቶሊክ ትምህርት ቤት መምህር የሒሳቡን ሰዓት ከጸሎቱ ሰዓት መለየት አለበት። ይህ ለአንዳንዱ ሰው እገዳ ይመስለዋል። እኔ ግን ጥበቃ ነው እላለሁ። በሒሳብ ሰዓት ውጤት ስለሚያሰጥ የሚጸልይ ልጅ አማኝ አይባልም፤ ከሰዓት ውጭ ወዶ የመጣ ልጅ ግን በእውነት መጥቷል።

ሦስተኛው፣ ክትባቱ ከስብከቱ ጎን ለጎን ሄዷል። እናቶቹ ወደ ማስያስ የመጡት ነገረ መለኮታቸውን መርምረው ሳይሆን ልጃቸው እንዳይሞት ብለው ነው። በዚህ ውስጥ አደጋ እንዳለ መካድ አይገባም። መድኃኒት የያዘ ሰው ያለ መድኃኒት የመጣ ሰው የማያገኘውን ሥልጣን በሰው ላይ ያገኛል፤ የተራበውን ልጅ በምሳ፣ የታመመውን በኪኒን ወደ ሃይማኖት መሳብ ነጻነቱን መግዛት ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው በአንድ ነገር ነው። እምቢ ላለው ልጅም ክትባቱ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? መምህሩ ይህን ጥያቄ ራሱን በየቀኑ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል።

ወንድሞችና እኅቶች! ከእኛ መካከል ብዙዎቹ ነገ መምህራን ሆነው ወደ የአውራጃው ይበተናሉ። ካቶሊክም ይሁን ኦርቶዶክስ፣ እስላምም ይሁን ፕሮቴስታንት፣ ወይም ሃይማኖትን በትምህርት ቤት ፈጽሞ የማያስተምር መምህር ቢሆን፣ ከማያውቀው ቋንቋ ተናጋሪ ልጆች ፊት መቆሙ አይቀርም። የፒዮቫው ገበሬ ልጅ ያን ዕለት የሠራው ስሕተትም አለ፤ የሠራው ደግ ነገርም አለ። ስሕተቱን ሳንደብቅ፣ ደጉን ሳንነፍገው ብንማርበት ለእሱም ለእኛም ፍርድ ይሆናል። የዲመካው መምህርም በሚቀጥለው ቅዳሜ መጽሐፉን ከቤት ትቶ ወደ ገበያው ቢወርድና ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ተቀምጦ ምርቃታቸውን ቢያዳምጥ፣ የሰኞው ትምህርቱ ከዚያ ይጀምራል።